የእንቅልፍ ትንፋሽ ማሽን ያላችሁ፣ ከሥሩ ያለውን ቁጥር አይታችኋል?



ሌሊት ሲያንኮራፉ ቆይተው ድንገት ጸጥ የሚሉ፣ ከዚያም እንደታፈነ ሰው በኃይል ተንፍሰው የሚባንኑ አባት ወይም እናት ያላችሁ ጥቂት አይደላችሁም። ብዙ ጊዜ «ድካም ነው» ተብሎ ይታለፋል። ሐኪሞች ግን ስሊፕ አፕኒያ ይሉታል፤ በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቋረጥ ማለት ነው። ስንተኛ የጉሮሮ ጡንቻዎች ይላላሉ። በአንዳንድ ሰው ላይ መላላቱ ከልክ ያልፍና የአየር መተላለፊያው ይደፈናል። ትንፋሽ ለ10 ሴኮንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ ለበለጠ ጊዜ ይቆማል፤ በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ አንጎል ይደነግጥና ሰውየውን በከፊል ይቀሰቅሰዋል። በሽታው ከባድ የሚባለው ይህ በአንድ ሰዓት ውስጥ 30 ጊዜና ከዚያ በላይ ሲደጋገም ነው። ሰውየው ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶ፣ ጠዋት ያልተኛ ሰው ሆኖ ይነሳል። ከዚያ የደም ግፊቱ፣ የልብ ችግሩ፣ መሪ ላይ ማንቀላፋቱ ይከተላል።

ሲፓፕ የሚባለው ማሽን የሚሠራው ነገር ቀላል ነው። አየርን ከክፍሉ ስቦ በቱቦና በማስክ በኩል በተወሰነ ግፊት ወደ አፍንጫ ይገፋል፤ ግፊቱ ጉሮሮው እንዳይደፈን ይይዘዋል። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ብዙ ወገኖቻችን በሐኪም ትእዛዝ ይጠቀሙበታል። አገር ቤት ደግሞ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ተጠቅልሎ የሚገባ አለ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በተለይ ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱ ወደ ታች ይመጣል።

እ.ኤ.አ. ጁን 14 ቀን 2021 (ሰኔ 7 ቀን 2013) ፊሊፕስ ሬስፒሮኒክስ የተባለው አምራች በሚሊዮን የሚቆጠሩ የሲፓፕና የባይፓፕ ማሽኖቹን፣ እንዲሁም አንዳንድ የመተንፈሻ ቬንቲሌተሮቹን ችግር እንዳለባቸው አስታውቆ ጥሪ አደረገ። በኋላ ቁጥሩ በዓለም ዙሪያ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሆኗል። ችግሩ የነበረው ማሽኑ ውስጥ ድምፅ እንዲቀንስ የተደረገ ስፖንጅ ነው። ፖሊዩሬቴን ከሚባል ነገር የተሠራው ይህ ስፖንጅ የተቀመጠው አየሩ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው። ከጊዜ ብዛት፣ በተለይም ሙቀትና እርጥበት ባለበት ቦታ፣ እየተፈረፈረ ጥቁር ብናኝ ይሆናል፤ ጋዝም ይለቃል። ብናኙም ጋዙም በቱቦው አድርጎ ወደ ተኛው ሰው ሳንባ ሊገባ ይችላል። ራስ ምታት፣ የዓይንና የጉሮሮ መቆጣት፣ ሳል፣ የደረት መጨነቅ፣ የሳይነስ ሕመም ከሚጠቀሱት ምልክቶች ናቸው፤ ለረጅም ጊዜ ሲሆን ለካንሰር ሊያጋልጥ ይችላል የሚል ስጋትም በጥሪው ላይ ተነስቷል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) ጥሪውን አንደኛ ደረጃ ብሎ መደበው። ይህ ከባድ ጉዳት ወይም ሞት ሊያስከትል ለሚችል ጉድለት የሚሰጥ የመጨረሻው ከባድ ደረጃ ነው።

እንግዲህ በዚያን ጊዜ በሽተኛው ላይ የደረሰውን ግራ መጋባት አስቡት። ሌሊት እንዳይታፈን የተሰጠው ማሽን ራሱ ሊጎዳው ይችላል ተባለ። ቢያቆመው ደግሞ በሽታው ያው ይጠብቀዋል። ተተኪ ማሽን ይፈልግ ቢባል፣ ወቅቱ የኮምፒውተር ቺፕ እጥረት የነበረበት ስለሆነ ሌላው ትልቅ አምራች ሬስሜድም የሁሉንም ጥያቄ መሸፈን አልቻለም። ብዙ ሰው ለወራት፣ አንዳንዱም ከዓመት በላይ ጠበቀ። ይህን ፈተና በንጽጽር ካላየነው በስተቀር አንዱን ጫፍ ይዘን እንሮጣለን። አንዱ «ምንም አይሆንም» ብሎ ይቀጥላል፤ ሌላው በፍርሃት ማሽኑን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፎ በማግስቱ መኪና ይነዳል።

የኤፍዲኤ ምክር ከሐኪም ጋር መወሰን ነው። ይህ አባባል ጥያቄን ለመሸሽ የተባለ ይመስላል፤ ግን እውነተኛ ምክንያት አለው። በሰዓት አምስት ስድስት ጊዜ ትንፋሹ የሚቋረጥ ሰውና በሰዓት 50 ጊዜ የሚቋረጥበት፣ ልቡም የደከመ ሰው እኩል አይደሉም። ለመጀመሪያው ለጥቂት ሳምንት ማሽኑን አቁሞ በጎን መተኛት፣ ክብደት መቀነስ ወይም የጥርስ ሐኪም የሚያዘጋጀውን መንጋጋን ወደ ፊት የሚይዝ መሣሪያ መጠቀም ይበቃው ይሆናል። (በቀኝ ጎን መተኛት ለእኛ የቆየ አደብ ነው፤ ጀርባ ላይ ሲተኙ ምላስና የጉሮሮ ሥጋ ወደ ኋላ ስለሚወድቅ ለዚህ በሽታም ይጠቅማል። ነገር ግን በሽታው ከከበደ ይህ ብቻውን ማሽንን አይተካም።) ለሁለተኛው ሰው ተተኪ እስኪያገኝ ድረስ በማሽኑ መቀጠሉ ከማቆሙ የተሻለ ሊሆን ይችላል። በቬንቲሌተር የሚተነፍስ በሽተኛ ከሆነማ ሐኪም ሳይወስን ማቆም በሕይወት መቀለድ ነው።

የሾፌሮች ጉዳይ ለብቻው መነሳት አለበት። አሜሪካ ውስጥ ታክሲና ከባድ መኪና በመንዳት የሚተዳደረው ወገናችን ብዙ ነው። ማሽኑ በየሌሊቱ ስንት ሰዓት እንደተጠቀማችሁበት ይመዘግባል፤ የከባድ መኪና ፈቃድ የሚያድስ የጤና መርማሪም ይህን መረጃ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ በራስ ውሳኔ ማቆም ከእንቅልፉ በተጨማሪ እንጀራንም ይነካል። ከማቆማችሁ በፊት ለሐኪሙ ንገሩ፤ የተሰጣችሁን አማራጭ በጽሑፍ ተቀበሉ።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ማሽኑን ከመብራት ነቅላችሁ፣ የውኃ ማጠራቀሚያው ካለው ውኃውን ደፍታችሁ ገልብጡት። ከሥሩ ባለው ወረቀት ላይ የሞዴሉ ስም፣ እንዲሁም «ኤስኤን» ከሚሉት ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ቀጥሎ ሲሪያል ቁጥሩ አለ። ጥሪው የሚመለከተው ከኤፕሪል 26 ቀን 2021 በፊት የተመረቱትን ነው። ከሞዴሎቹ ውስጥ ብዙ ሰው እጅ የሚገኙት የመጀመሪያው ድሪምስቴሽን፣ ድሪምስቴሽን ጎ፣ ሲስተም ዋንና ሬምስታር ኤስኢ ናቸው፤ ከቬንቲሌተሮቹ ደግሞ ትሪሎጂ 100 እና 200 አሉ። ድሪምስቴሽን 2 በዚህ የስፖንጅ ጥሪ ውስጥ የለም። ስማቸው ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። የሌላ አምራች ማሽን ያለው ሰው ይህ ጥሪ አይመለከተውም።

«ማሽኔ ንጹሕ ነው፣ ጥቁር ነገር አላየሁበትም» የሚል መልስ በቂ አይደለም። ብናኙ በዓይን የማይታይ ሊሆን ይችላል፤ ጋዙማ ጭራሽ አይታይም። ማጣሪያ መጨመርም ቢሆን ብናኙን ሊይዝ ይችላል እንጂ ጋዙን አያስቀርም፤ የማሽኑን አሠራርም ሊያውክ ስለሚችል ያለ ሐኪም ምክር አይደረግም። ማሽኑን ፈቶ ስፖንጁን ማውጣትም አይገባም። ሲነካካ ይበልጥ ይፈረፈራል፤ የግፊቱም ልክ ይዛባል። መርካቶ ውስጥ ሁሉንም ዕቃ የሚፈታ ብልህ ባለሙያ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ ይህን ግን አትስጡት። ሌላው በኦዞን የሚያጸዱ ሣጥኖች ናቸው። ኦዞኑ ስፖንጁን ቶሎ እንዲፈረፈር እንደሚያደርግ አምራቹም ኤፍዲኤም ተናግረዋል። ማስክና ቱቦ በለብ ያለ ውኃና ለስላሳ ሳሙና ይታጠባል፤ ከዚያ በላይ አያስፈልገውም።

ከላይ ይመጣል ያልኩት ይኸው ነው። አንድ ጥሪ ሲደረግ ማስታወቂያው የሚደርሰው በመዝገብ ላይ ላለው ሰው ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2017 ቨርጂኒያ ውስጥ በኢንሹራንስ የተገዛ ድሪምስቴሽን አለ እንበል። ባለቤቱ ሌላ ማሽን ሲያገኝ አሮጌውን ለአጎቱ ወደ ደሴ ላከው። ደብዳቤው የሚሄደው ወደ ቨርጂኒያ ነው። አጎትየው ምንም ሳይሰማ በማሽኑ ይተኛል። ላኪውም በጎ ሥራ እንደሠራ ያስባል፤ ኒያው መልካም ነው፤ ማሽኑ ግን ያው ነው። ሰንሰለቱ የሚቋረጠው በስልክ ብቻ ነው። ማሽን ልካችሁ የምታውቁ ካላችሁ፣ ዛሬውኑ ደውላችሁ የሥሩን ወረቀት ፎቶ አንስተው እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። ቁጥሩን ይዛችሁ ከአምራቹ ጋር ማጣራቱ እዚያ ላለው አዛውንት ሳይሆን ለእናንተ ይቀላል። ጅዳን በመሰለ ሙቀትና እርጥበት አንድ ላይ ባለበት ከተማ፣ ወይም በድሬዳዋ ሙቀት ለዓመታት ያገለገለ ማሽን ከሆነ ደግሞ አትዘግዩ።

ያገለገለ ማሽን ከዚህ ጥሪ ነጻ ቢሆንም አንድ ሌላ ነገር አለበት። ግፊቱ የተስተካከለው ለቀድሞው ሰው ነው። የአንዱን መነጽር ሌላው አድርጎ እንደማያነብ ሁሉ፣ የአንዱም ግፊት ለሌላው አይሆንም። ሐኪም ሳያስተካክለው መጠቀም አይገባም።

ስለ ሽያጭም አንድ ነገር ልበል። ተተኪ ከተሰጣቸው በኋላ አሮጌውን ያልመለሱ ሰዎች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ዕቃው በኢንተርኔትም በሰው እጅም ይዞራል። ዐይብ እንዳለበት የሚያውቁትን ዕቃ ደብቆ መሸጥ በሸሪዓው እንደማይፈቀድ፣ ገዢውም ዐይቡን ሲያገኝ የመመለስ ኽያር እንዳለው በፊቅህ መጻሕፍት የምናውቀው ነው። እኔ ከዚህ አልፌ እላለሁ፦ ይህን ማሽን ዐይቡን ተናግሮም ቢሆን ለሌላ ሰው መስጠት አይገባም። ለሰደቃም አይሆንም። የሚተነፍሱበት ዕቃ ነውና።

ተተኪ የተቀበላችሁ ሰዎችስ? ታድሰው ከተላኩት ድሪምስቴሽኖች ውስጥ ከ1,000 በላይ የሚሆኑት የተሳሳተ ወይም የተደገመ ሲሪያል ቁጥር ተሰጥቷቸው እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2023 ታውቋል፤ ይህም የሌላ ሰው ግፊት እንዲሠራ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ የተተካውን ማሽን ግፊት ከሐኪም ትእዛዙ ጋር አስተያዩ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ኤፍዲኤ ድሪምስቴሽን 2 ከልክ በላይ ሊሞቅና እሳት ሊያስነሳ እንደሚችል አስጠንቅቋል። የሚቃጠል ሽታ፣ ጭስ ወይም ያልተለመደ ሙቀት ካያችሁ ወዲያው ከመብራት ንቀሉት። ፍራሽ ወይም ምንጣፍ ላይ አታስቀምጡት፤ ከመጋረጃም አርቁት። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ማግኔት ያለባቸው የዚሁ ኩባንያ ማስኮች፣ ከ17 ሚሊዮን በላይ ይሆናሉ፣ ሌላ ጥሪ ተደርጎባቸዋል። ልቡ ላይ ፔስሜከር ወይም ሰውነቱ ውስጥ ብረት ያለው ሰው፣ አጠገቡ የሚተኛውም ጭምር፣ ማግኔት ከሌለው ማስክ ጋር ይጠጋ።

«ስንት ሰው ሞተ?» የሚለው ጥያቄ በየቦታው ይነሳል። ኤፍዲኤ ከኤፕሪል 2021 እስከ ጃንዋሪ 2024 መጨረሻ ድረስ ከ116,000 በላይ ሪፖርቶች ደርሰውታል፤ ከነዚህ 561ዱ ሞት የሚጠቅሱ ናቸው። ሪፖርት ማለት ማሽኑ ገደለ ተብሎ የተረጋገጠ ማለት አይደለም፤ ይህን ቁጥር እንደ ፍርድ እየጠቀሱ ሰውን ማስደንገጥ ትክክል አይመስለኝም። በሌላ በኩል ኩባንያው ራሱ ባስደረገው ምርመራ ጉዳቱ የተፈራውን ያህል አይደለም ሲል፣ ኤፍዲኤ በኦክቶበር 2023 ምርመራው አደጋውን ሙሉ በሙሉ ለመመዘን በቂ እንዳልሆነ ገልጿል። እኔ በዚህ መሐል ላይ የምይዘው የተቆጣጣሪውን ቃል ነው፤ ሻጭ ስለ ዕቃው የሚሰጠው ምስክርነት ብቻውን አይበቃም።

የካሳውን ነገር በአጭሩ፦ ኩባንያው ለማሽኖቹ ዋጋ ቢያንስ 479 ሚሊዮን ዶላር፣ ቀጥሎም በኤፕሪል 2024 ለአካል ጉዳትና ለጤና ክትትል 1.1 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ሁለቱም የአሜሪካን ተጠቃሚዎች የሚመለከቱ ናቸው። የዋጋ ካሳው ማመልከቻ ጊዜ በኦገስት 2024 አልፏል። ስለዚህ አሁን ደውሎ «ካሳ ላስገኝልህ፣ መጀመሪያ ይህን ያህል ክፈል» የሚል ሰው ከመጣ ስልኩን ዝጉ። ደላላ ይሸታል።

ማሽኑ በጥሪው ውስጥ ሆኖ ከተገኘ፣ ሐኪሙ ዘንድ ስትሄዱ ሦስት ነገር ይዛችሁ ሂዱ፦ የሥሩን ወረቀት ፎቶ፣ በሽታው የታወቀበትን የእንቅልፍ ምርመራ ውጤት ካለ፣ እና ከማሽኑ ጋር ስንት ዓመት እንደቆያችሁ። ሳል፣ ራስ ምታት ወይም በማስኩ ውስጥ ጥቁር ነገር አይታችሁ ከነበረ መቼ እንደጀመረ ተናገሩ። አዲስ አበባ ያላችሁ የሳንባ ወይም የአንገት በላይ ስፔሻሊስት ፈልጉ፤ ችግሩንም ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አሳውቁ፤ የሕክምና መሣሪያዎችን የሚቆጣጠረው እርሱ ነው። በመጨረሻ አሮጌውን የምታስወግዱ ከሆነ የመብራት ገመዱን ቆርጣችሁ፣ ላዩ ላይ «አይሠራም» ብላችሁ ጽፋችሁ ጣሉት፤ ማንም አንስቶ እንዳይሸጠው።