ከአንጀት እስከ አናት

አምና ዘመድ ልጠይቅ በገባሁበት የአዲስ አበባ ሆስፒታል፣ በአጠገባችን ባለው አልጋ አንድ ጡረተኛ መምህር ተኝተው ነበር። ሐኪሟ "ጋሼ፣ ስምዎን ይጻፉልኝ" ብላ ወረቀት ሰጠቻቸው። ዕድሜውን ሙሉ ጠመኔ የያዘው እጅ ሁለት ፊደል ጽፎ ሦስተኛው ጠፋው። "እንደ ትራፊክ ፖሊስ እጅዎን ይዘርጉ" አለቻቸው። መዳፎቻቸው እየወደቁ እየተነሡ ተርገበገቡ።

"ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይነሣል" አሉኝ ባለቤታቸው። "ጫማውን ከፍሪጅ ውስጥ አገኘሁት። ልክፍት ነው ብለን ሁለት ሱባኤ ጠበል ወሰድነው። የጉበት በሽታ ጭንቅላት ላይ ይወጣል ብሎ የነገረን የለም።"

የወፍ በሽታን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የታመመ ጉበት አንጎልን እንዴት እንደሚያውክ ግን ብዙዎቻችን አናውቅም። ሄፓታይተስ ቢ ወይም መጠጥ ለዓመታት ያቆሰለው ጉበት በጠባሳ ይሞላል። የአንጀት ባክቴሪያዎች ፕሮቲንና ዩሪያ ሲሰባብሩ አሞኒያ ያወጣሉ። ጤነኛ ጉበት አሞኒያውን ወደ ዩሪያ ለውጦ በሽንት እንዲወገድ ያደርጋል፤ ጠባሳ የወረሰው ግን አቅም ያጥረዋል፣ ደሙም በሌላ መንገድ ዞሮት ያልፋል። አንጎል የደረሰውን አሞኒያ አስትሮሳይት የሚባሉት ሕዋሳት ወደ ግሉታሚን ይለውጡታል፤ ያም ውሃ እየሳበ ያሳብጣቸዋል፣ ሐሳብም ይደበዝዛል።

እ.ኤ.አ. በ1877 ሩሲያዊው ኒኮላይ ኤክ ከአንጀት የሚመጣው ደም ጉበትን ሳይነካ የሚያልፍበትን ቀዶ ጥገና በውሾች ላይ ሞከረ። በ1893 ኢቫን ፓቭሎቭና ባልደረቦቹ ይህ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ውሾች ሥጋ ሲበሉ እንደሚንገዳገዱ፣ ዓይናቸው እንደሚጠፋ፣ ራሳቸውንም እንደሚስቱ ጻፉ። በ1966 ደግሞ ላክቱሎዝ የተባለው ሽሮፕ ከጉበት ለሚመጣው ለዚህ የአንጎል ሕመም እንደሚረዳ ተዘገበ። ላክቱሎዝ ሰውነታችን የማይፈጨው ስኳር ነው፤ ባክቴሪያዎቹ ወደ አሲድ ሲለውጡት አሞኒያው አንጀት ውስጥ ተይዞ ከሰገራ ጋር ይወጣል። በ2010 በ299 ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት ሲታተም፣ ሪፋክሲሚን የተባለውን አንቲባዮቲክ ከወሰዱት በስድስት ወር ውስጥ ሕመሙ ያገረሸባቸው 22 በመቶ፣ ካልወሰዱት 46 በመቶ ነበሩ። አብዛኞቹ ላክቱሎዝም ይወስዱ ነበር።

የላክቱሎዝ ሽሮፕ ከሆስፒታሉ ፋርማሲ ለምን እንደጠፋ የጠየቅኳቸው ኃላፊ "በደብዳቤ አቅርብ" አሉኝ። አቀረብኩ፤ መልስ አልመጣም። ቤተሰቡ ከውጭ ገዛ። ጉበትን ከሚያቆስሉት አንዱን አስቀድሞ መከላከል ይቻላል፦ የኢትዮጵያ ሕፃናት እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ያገኛሉ፤ የመምህሩ ትውልድ ግን ያለ ክትባት አድጓል።

ሽሮፑን በጀመሩ በአራተኛው ቀን መምህሩ ስማቸውን ከነአባታቸው ጻፉ። ባለቤታቸው ወረቀቱን አጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። "ሆዱ ሲደርቅ ነው የጀመረው" አሉኝ። "በቀን ሁለት ሦስቴ ለስላሳ ሰገራ ይውጣለት ብሎ አንድ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ፣ ያን ሁሉ ሌሊት በር ቆልፌ አልጠብቀውም ነበር።"