መራራው የድንች ዘመድ

ከዕፅዋት ወገን መልካሙና ክፉው እንደ እንቧይ ቤተ ዘመድ የተቀላቀለበት ጥቂት ነው። ወጣችንን የሚያቀላው በርበሬ፣ ብዙ ሕዝብ የሚመግበው ድንች ከዚህ ወገን ናቸው፤ አእምሮን የሚያስተው አስተናግርና ትምባሆም እንዲሁ።

ከእነዚሁ ዘመዶች አንዱ ሶላኑም ዴሚሱም ይባላል። የሚበቅለው በሜክሲኮና በጓቲማላ፣ ጉም በሚያዘወትራቸው ቀዝቃዛ የተራራ ደኖች ውስጥ ነው። አበባው ሐምራዊ ሲሆን ከመሬት ሥር ጥቃቅን ድንች ያፈራል። ነገር ግን ቅጠሉ ዴሚሲን የተባለ መርዝ ስላለበት የድንች ማሳ የሚያጠፋው የኮሎራዶ ጥንዚዛ እንኳ ይሸሸዋል።

ታዲያ ይህ መርዛም ተክል ለሰው ምን ይረባል? መልሱ ከአየርላንድ ረኀብ ይጀምራል። በ1845 እ.ኤ.አ. ቅጠልን አጥቍሮ ድንቹን የሚያበሰብስ በሽታ ወደዚያች አገር ገባ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፤ ከዚያ የማያንስ ሕዝብም ተሰደደ። በሃያኛው መቶ ዓመት ሊቃውንት ይህ የዱር ተክል በሽታውን እንደሚቋቋም ተረድተው ከገበታ ድንች ጋር አዳቀሉት። ከእርሱም 11 የመከላከያ ዘረ መሎች ታወቁ። ዳሩ ግን በሽታው ጠባዩን እየለወጠ በተራ በተራ ጣሳቸው። በአንድ መከላከያ ብቻ መታመን የእንቧይ ካብ ሆነ። ስለዚህ በሜክሲኮ የቶሉካ ሸለቆ የሠሩት ጆን ኒደርሃውዘር፣ በሽታው ቢይዛቸውም ቶሎ የማይሸነፉ ድንቾችን መረጡ። በ1990 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ።

ማዳቀልም የራሱ አደጋ አለው። ከሌላ የዱር ድንች የተዳቀለው ሌናፔ በ1967 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለገበሬ ቀረበ፤ መርዙ ከመጠን በላይ ሆኖ ስለ ተገኘ በ1970 ተሰረዘ። ዛሬ አዲስ ድንች ሲወጣ በ100 ግራም ውስጥ መርዙ ከ20 ሚሊግራም እንዳያልፍ ይመረመራል።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ድንች በ1858 እ.ኤ.አ. በጀርመናዊው ሺምፐር እጅ ወደ አገራችን እንደ ገባ ይነገራል፤ ያው በሽታም በክረምት የደጋውን ገበሬ ያስጨንቃል። ፀሐይ መትቶት አረንጓዴ የሆነ ድንችም መርዙ የበዛ ስለሚሆን፣ መቀቀልም ስለማያጠፋው፣ አለመብላት ይሻላል።

እንግዲህ ነገ ስለ ደንና ስለ እርሻ የምትወስኑ ወጣቶች ሆይ፣ ዱር ሲመነጠር የሚጠፋው እንጨት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዛሬ መራራ ነው ተብሎ የተናቀው ቅጠል ነገ የሕዝብን ቀለብ ያድን ይሆናል፤ አንድ ጊዜ ከጠፋ ግን የሚመልሰው ሊቅ የለም።