መድህን አለን፣ መድኃኒቱ ግን «ከውጭ ይግዙ» ተባልን

ቤተሰብ፣ ይሄ ነገር ብዙዎቻችሁን ያጋጠመ ይመስለናል። እናታችሁ ከዳባት ወይም ከደባርቅ ተነስታ ጎንደር ትመጣለች። የጤና መድህን ደብተሯን ይዛለች። ካርድ ወጣላት፣ ሐኪም አየችው፣ ምርመራ ተሠራላት፤ ምንም አልከፈለችም። መድኃኒት መስጫው መስኮት ላይ ስትደርስ ግን «እማማ፣ ይሄ እኛ ጋ የለም፤ ከውጭ ይግዙት» ትባላለች። ከዛ የእናንተ ስልክ ይጠራል።

ለምን እንዲህ ይሆናል?

ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር፣ ከክልላችን ከተመረጡት አንዱ ጎረቤታችን ፎገራ ነበር። አባወራው ወይም እማወራዋ በዓመት አንዴ መዋጮ ይከፍላሉ፤ ቤተሰቡ መድህኑ ውል በገባባቸው ተቋማት ይታከማል። መድህኑ ለተቋሙ የሚከፍለው ግን ተቋሙ ለሰጠው ነገር ነው። መደርደሪያው ላይ ያልነበረ መድኃኒት አልተሰጠም፤ ስለዚህ ሒሳቡ ወደ እናንተ ኪስ ይዞራል።

መደርደሪያው የሚራቆትበት ምክንያት ደግሞ ብዙ ነው። አብዛኛው መድኃኒታችን ከውጭ የሚገባ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። መድህኑ ለሆስፒታል የሚከፍለው ሲዘገይም ሆስፒታሉ መግዣ ያጥረዋል። መንገድ ሲዘጋ ያለውን እናንተው ታውቁታላችሁ።

እኛን የሚያስፈራን ዝምታው ነው። ደም ግፊት አያምም፤ ስለዚህ ብር ሲጠፋ መጀመሪያ የሚቀረው የግፊት ክኒን ነው። አንዱን ለሁለት ቀን ከፍሎ የሚውጥ አለ፣ ለሐኪሙ ግን አይናገርም፣ ያፍራል። ንገሩት! «ዋጋው ከበደኝ» ማለት ነውር አይደለም። ሐኪሙ በርካሽ ሊቀይረው ይችላል፣ እናንተ ክኒን ስትሰነጥቁ ግን መጠኑን አያውቅም። የሚጥል በሽታ መድኃኒትማ በድንገት ከቆመ ከባድ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል።

ፋርማሲ ስትገቡ በንግድ ስሙ ብቻ አትጠይቁ። «ኖርቫስክ» የሚባለው ውስጡ አምሎዲፒን ነው፤ በአምሎዲፒን ስም የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ይረክሳል። የቀይ መስቀልና የማህበረሰብ ፋርማሲዎችንም አስቀድማችሁ ጠይቁ። የማዘዣውን ፎቶ ቴሌግራም ላይ ልካችሁ ዋጋ ማወዳደር የናንተ ሥራ ይሁን፣ እናት በፀሐይ ከፒያሳ አዘዞ አትዙር።

ሌላም አለ። ድሮ ለስኳር ክትትል ከገጠር ጎንደር ድረስ በእግር ይመጣ ነበር። ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙን ጨምሮ የጎንደር ሐኪሞች ክትትሉ በየጤና ጣቢያው በነርሶች እንዲሰጥ ብዙ ደክመዋል። የእናታችሁ ሕመም ከተረጋጋ «ወደ ቅርባችን ጤና ጣቢያ ይዛወርልን» በሉ። የመኪናው ብር ራሱ ክኒን ይገዛል።

የቲቢና የኤች አይ ቪ መድኃኒት በመንግሥት ተቋም በነፃ ነው፤ ለሱ ማንም ብር አይጠይቃችሁም።

ከውጭ የገዛችሁትንስ መድህኑ ይመልሳል? እንደ ወረዳው ይለያያል። የሚመልስ አለ፣ ከተወሰነ ፋርማሲ ጋር ውል ያለው አለ፣ ጭራሽ የማይመልስም አለ። ከመግዛታችሁ በፊት የወረዳችሁን የጤና መድህን ቢሮ ጠይቁ። ማዘዣው ላይ «የለም» ተብሎ ማህተም ይደረግበት፣ ደረሰኝ ተቀበሉ። ደረሰኙን እዛው ፎቶ አንሱት፤ የማሽን ደረሰኝ ቀለሙ ቶሎ ይለቃል።