የባሕር መዝገብ ለካዛንቺስ ምን ይረባል?

በ2024 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የካዛንቺስ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ፣ በአንድ ደጃፍ የደብተርና የወረቀት ክምር አየሁ። «ልጄ፣ ለቆሎ መጠቅለያ ካልሆነ ምን ይረባል?» አሉኝ እመቤቲቱ።

እኔ አስተማሪ ነኝና በማግስቱ ይህን መነሻ አድርጌ፣ ስለሚጠፉ የባሕር መዝገቦች ለተማሪዎቼ ነገርኋቸው። «ባሕር ለሌለን ለእኛ ይህ ምን ያደርግልናል?» አለ አንዱ። ጥያቄው መልስ ይገባዋል።

ከ1872 እስከ 1876 ቻሌንጀር የተባለች የእንግሊዝ መርከብ ዓለምን እየዞረች የውቅያኖሱን ሙቀት ከገጹ እስከ ጥልቁ ለካች። በ2012 ሊቃውንት ያንን መዝገብ ከዘመናችን ልኬት ጋር ቢያስተያዩት፣ እስከ 700 ሜትር ጥልቀት ያለው ውኃ በአማካይ 0.33 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሞቆ ተገኘ። መዝገቡ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ከየት ይታወቅ ነበር? ያለፈውን ባሕር ተመልሶ የሚለካ መሣሪያ የለም።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። ነገር ግን ካልጠበቁት የተጻፈውም ይጠፋል። ወረቀቱ ይሻግታል፤ የኮምፒዩተሩ ቴፕ ይበላሻል፤ የጥንቱ መሣሪያ ጥላሸት በተቀባ ትንሽ መስተዋት ላይ የጫረው የሙቀት መስመር ይፋቃል። ስለዚህ በ1993 በዩኔስኮ ሥር ያለው የበይነ መንግሥታት የውቅያኖስ ኮሚሲዮን፣ በአሜሪካዊው ሊቅ በሲድኒ ሌቪተስ መሪነት፣ አሮጌ ልኬቶችን ከየአገሩ ፈልጎ ወደ ኮምፒዩተር የመገልበጥ ሥራ ጀመረ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልኬቶችም ከመጥፋት ዳኑ።

ታዲያ ለእኛስ? የሩቁ የፓሲፊክ ውቅያኖስ ከልኩ በላይ ሲሞቅ፣ ማለት ኤልኒኞ ሲሆን፣ የክረምታችን ዝናም በብዙው የአገራችን ክፍል ይሳሳል። በ2015ቱ ድርቅ ከ10 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ የምግብ እርዳታ አስፈልጎታል። የሜቴዎሮሎጂ ባለሙያዎቻችን ከ1987 ጀምሮ የወቅት ትንበያ ሲያወጡ፣ የዘንድሮውን ባሕር የሚመስል ያለፈ ዓመት ፈልገው የዚያን ዓመት ዝናም ይመለከታሉ። የባሕሩም ሆነ የዝናሙ መዝገብ ከሌለ ግን ዘንድሮን ከምን ጋር ያስተያዩታል?

እንግዲህ ለተማሪዬ የሰጠሁት መልስ ይህ ነው፤ ባሕር ባይኖረንም የማሳችን ነገር ከባሕር ጋር የተያያዘ ነው። እርስዎም፣ አንባቢ ሆይ፣ ከአሮጌ ትምህርት ቤት ወይም ከእርሻ ጣቢያ የቀረ የዝናም ወይም የሙቀት ማስታወሻ ቢያገኙ፣ ከመጣልዎ በፊት ለሜቴዎሮሎጂ ባለሙያዎች ወይም ለወመዘክር ያሳዩ።

እኔ ወደዚያ ደጃፍ በሦስተኛው ቀን ብመለስ ክምሩ ተሸጦ ኖሯል። ምን እንደ ተጻፈበት አላየሁም።