አስተናግር፡ በቻይና መድኃኒት፣ በአውድማ መርዝ

ከጓሮ፣ ከበረት ዙሪያና ከመንገድ ዳር የማይጠፋው አስተናግር በአርሶ አደሩ ዘንድ ከአረምነት ያለፈ ቦታ የለውም። አንዳንዱ አጤ ፋሪስ ይለዋል። ሽታው ስለሚከረፋ ከብት እንኳ ለምለሙን አልፎት ይሄዳል። በቻይና ግን የዚሁ ተክል የቅርብ ዘመድ የሆነ ባለ ነጭ አበባ ዝርያ ለመድኃኒትነት ይመረታል፤ አበባው ደርቆም «ያንግ ጂን ኋ» በሚል ስም ይታወቃል።

የቻይና የባህል ሐኪሞች አበባውን ለአስም፣ ለሳልና ለሕመም ማስታገሻ ያዝዙታል፤ ለማደንዘዣነትም ተጠቅመውበታል። እ.ኤ.አ በ1596 በታተመው ታላቅ የመድኃኒት መጽሐፉ የሚታወቀው ሊ ሺዠን ስለ ተክሉ የሰማውን አስገራሚ ወሬ አስፍሯል። እየሳቁ የለቀሙት አበባ የገባበትን መጠጥ የጠጣ ይስቃል፣ እየጨፈሩ የለቀሙትን የጠጣ ደግሞ ይጨፍራል ይባል ነበር። ሊ ይህን ሞክሮ አይቶታል። ጠጪው ሞቅ ሲለው ሌላ ሰው አጠገቡ ቢስቅ ወይም ቢጨፍር ተከትሎ ያንኑ ያደርጋል እንጂ ነገሩ ከአለቃቀሙ አልነበረም። አባቶቻችን «አስተናግር» ያሉትም ያለ ነገር አይመስልም፤ የበላው ሰው ይቃዣል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ብቻውን ያወራል።

ይህን የሚያመጡት አትሮፒን፣ ስኮፖላሚንና ሃዮሲያሚን የተባሉ ንጥረ ነገሮች ናቸው። አትሮፒን ለጤና ባለሙያ እንግዳ አይደለም፤ እንደ ማላታዮንና ዳያዚኖን ባሉ ፀረ ተባዮች የተመረዘ ገበሬ ጤና ተቋም ሲደርስ በመርፌ የሚሰጠው እሱ ነው። ልዩነቱ በመርፌው ያለው መጠን የተለካ መሆኑ ነው። በተክሉ ውስጥ ያለው ግን እንደ ክፍሉ፣ እንደ ዕድሜውና እንደ በቀለበት ቦታ ይለያያል። አንድ ጊዜ ያልጎዳ ቁንጥር ሌላ ጊዜ ሊገድል ይችላል።

ቻይናም ይህን ስለምታውቅ ልቅ አላደረገችውም። የአገሪቱ የመድኃኒት መድበል የሚፈቅደው በቀን ከ0.3 እስከ 0.6 ግራም ብቻ ነው፤ ግላኮማ ወይም የደም ግፊት ላለበት አይሰጥም። እ.ኤ.አ በ1988 የወጣው ደንብ አበባውን መርዛማ ከተባሉ 28 የባህል መድኃኒቶች መድቦታል። በአንድ ማዘዣ የሚሰጠው ከሁለት ቀን መጠን እንዳያልፍ፣ ማዘዣውም ለሁለት ዓመት እንዲቀመጥ ያስገድዳል። በእኛ አገር ለጥርስ ሕመም የፍሬውን ጭስ የሚታጠኑ፣ ቅጠሉን ወቅጠው ለፎሮፎር የሚቀቡ አሉ። ሚዛንም ማዘዣም የለም።

ለግብርናው ዘርፍ ትልቁ ስጋት ግን ተክሉ ከእህል ጋር ሲደባለቅ ነው። እ.ኤ.አ በ2019 በኡጋንዳ ካራሞጃ የበቆሎና የአኩሪ አተር ድብልቅ የዕርዳታ ዱቄት የተመገቡ 300 ያህል ሰዎች ታመው 5ቱ ሞተዋል። በምርመራው የተገኙት እነዚሁ የአስተናግር ዓይነት መርዞች ነበሩ። ማብሰልና መጋገርም መርዙን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም።

ጥቁርና ጠፍጣፋ የሆነው ፍሬ ከጤፍ በወንፊት ይለያል፤ መጠኑ ለሚቀራረበው ማሽላና ምስር ግን ወንፊት ብዙ አያግዝም። መፍትሔው ማሳ ላይ ነው። አንድ እሾሃማ ዕንቡጥ በመቶዎች የሚቆጠር ፍሬ ይይዛል፤ ፍሬው አፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ሳይበሰብስ ይቆያል። ስለዚህ አረሙ ሳያፈራ መነቀል አለበት። ያፈራውን ማሳ ውስጥ መጣል ለከርሞ እንደ መዝራት ነው። ከድርቆሽ ጋርም መታጨድ የለበትም፤ ለምለሙን የሸሸ ከብት ደረቁን ሊበላው ይችላል። የልማት ጣቢያ ሠራተኞች በአረም ወቅት ምክራቸው ይህን ቢጨምሩ፣ ዘር የሚያሰባጥሩ ማኅበራትም ከመረከባቸው በፊት ቢፈትሹ ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

አፉ የደረቀ፣ ፊቱ የቀላ፣ የዓይኑ ብሌን የሰፋና የሚቃዥ ሰው ሲያጋጥም ልክፍት ነው ብሎ ከማቆየት ወዲያው ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ይገባል፤ የበላውን እህል ወይም ተክል ይዞ መሄዱም ለሐኪሙ ሥራውን ያቀልለታል።