የቁማር ቤት በርና የቤተ ሰብ መብት

ቁማር ሲጀመር ጨዋታ ይመስላል፤ ሲሰነብት ግን ዕዳ ይሆናል። የተጫዋቹም ኪስ ባዶ በሆነ ጊዜ ጉዳቱ በእርሱ ላይ ብቻ አይቀርም፤ የሚስቱ ጌጥ፤ የልጆቹ የትምህርት ገንዘብ፤ የሽማግሌ አባቱም ጥሪት ተከትሎት ይሄዳል። ስለዚህ ቁማር የመንግሥት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የቤተ ሰብም ጉዳይ ነው። ይህን አስተውለው ሕግ ካወጡት አገሮች አንዷ ሲንጋፖር ናት።

ሲንጋፖር በደቡብ ምሥራቅ እስያ ያለች፤ በንግድ የበለጸገች ትንሽ ደሴት ናት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ነፃ መንግሥት ከሆነች ጀምሮ 40 ዓመት ያህል ካዚኖ የሚባለውን ታላቅ የቁማር ቤት ሳትፈቅድ ኖረች። በ2005 ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሊ ህሲየን ሉንግ ሁለት እንዲከፈቱ መወሰኑን ለሕዝብ እንደራሴዎች አስታወቁ፤ ምክንያቱም አገር ጎብኚን ለመሳብና ለሕዝቡ ሥራ ለማስገኘት ነበር። ብዙ ሰዎች ስለ ቤተ ሰብ ሰግተው ተቃወሙ። መንግሥቱም ስጋቱን አልናቀም፤ በዚያው ዓመት የቁማርን ችግር የሚመለከት ብሔራዊ ምክር ቤት አቋቋመ፤ በ2006 የካዚኖ መቈጣጠሪያ ሕግ አወጣ፤ ሁለቱም ቤቶች የተከፈቱት ከዚያ በኋላ በ2010 ነው።

የሕጉ የመጀመሪያ ጥበብ በበሩ ላይ ይታያል። ዕድሜው 21 ዓመት ያልሞላ ማንም ሰው አይገባም። የውጭ አገር እንግዳ ያለ ግብር ሲገባ፤ የአገሩ ተወላጅና ቋሚ ነዋሪ ግን ለ24 ሰዓት 100 የሲንጋፖር ዶላር መክፈል ነበረበት፤ ከ2019 ወዲህ ይህ ወደ 150 ከፍ ብሏል። ገንዘቡም ለሕዝብ ጥቅምና ለበጎ አድራጎት ይውላል እንጂ ለቁማር ቤቱ ጌታ አይገባም። ከዚህም ሌላ የባንክ ገንዘብ ማውጫ መኪና በካዚኖው ውስጥ እንዳይቆም ተከልክሏል፤ ቤቱም ተራውን ያገር ሰው በዱቤ እንዲያጫውት አልተፈቀደለትም።

ለቤተ ሰብ ከሁሉ የሚጠቅመው ግን የእገዳው ሥርዓት ነው፤ ይኸውም በሦስት መንገድ ይፈጸማል። አንደኛ፤ ቁማር እንዳሸነፈው የተረዳ ሰው ራሱ ስሙን አስመዝግቦ ይታገዳል፤ ጠዋት የቈረጠውን ማታ እንዳያፈርሰውም አንድ ዓመት ሳይሞላ እገዳውን ማንሣት አይችልም። ሁለተኛ፤ በመንግሥት ርዳታ የሚኖር ወይም ዕዳውን መክፈል አቅቶት በፍርድ ኪሳራው የታወጀበት ሰው፤ ማንም ሳያመለክት ሕጉ ራሱ ያግደዋል። ሦስተኛ፤ ሚስት ስለ ባሏ፤ ባል ስለ ሚስቱ፤ ወላጅ ስለ ልጁ፤ ልጅ ስለ ወላጁ፤ ወንድምና እኅትም አንዱ ስለ ሌላው ለምክር ቤቱ ሊያመለክቱ ይችላሉ። መርማሪዎቹም ሁለቱን ወገን ሰምተው ጉዳቱን ባረጋገጡ ጊዜ እንዳይገባ ያዛሉ። ታግዶ ሳለ የገባ በወንጀል ይቀጣል፤ ያሸነፈውም ገንዘብ ይወረስበታል።

ነገር ግን የበር ጠባቂ የሚጠብቀው አንድ በር ብቻ ነው፤ ዛሬ ቁማር በእጅ ስልክ እስከ መኝታ ቤት ይገባል። ስለዚህ ሲንጋፖር በ2022 የቁማርን ዓይነት ሁሉ ባንድ ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሥር አደረገች። ይህም ቢሆን ሕግ ሊደርስበት የማይችለው ሌላ በር አለ፤ እርሱም ኀፍረት ነው። ሚስት የባሏን ገመና ላለመግለጥ ዝም ካለች፤ አባትም የልጁን ዕዳ በስውር እየከፈለ ከሸፈነለት፤ ርዳታ የመሰለው ነገር ቁማሩን ያረዝመዋል እንጂ አያስቀረውም።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። የቤተ ሰብ አለቃ የሆነ ሁሉ የቤቱን ገቢና ወጪ ከባለቤቱ ጋራ በግልጥ ይያዝ፤ ገንዘብ ያለ ምክንያት ሲጐድል ባየ ጊዜም በቍጣ ሳይሆን በምክር ቶሎ ይጠይቅ። በሲንጋፖር ሕጉ ለቤተ ሰብ መብት ሰጥቷል፤ በመብቱ ለመሥራት ግን አስቀድሞ በቤት ውስጥ እውነቱን መነጋገር ያስፈልጋል።