ከአስር ሰባት፤ ከዚያስ?

ተማሪዋ ሦስት ሳምንት ሙሉ የሰፈሯን ወንዝ ብክለት ስታጠና ከርማ፣ የፕሮጀክት ጽሑፏን ፎቶ ኮፒ ቤት አስተይባና አስጠርዛ ታስረክባለች። ከወር በኋላ ሽፋኑ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «7/10» ተጽፎበት ይመለስላታል። ወረቀታቸውን ዳግም የማያዩም አሉ። ሦስቱ ነጥብ ለምን እንደጎደለ የሚያውቀው መምህሩ ብቻ ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከታታይ ምዘና በየደረጃው እንዲካሄድ ደንግጎ ነበር። በብዙ ክፍሎች ግን የቀጠለው ማርክ መሰብሰቡ ነው፤ ግብረ መልሱ በመንገድ ቀርቷል።

ጥፋቱን በመምህሩ ላይ ብቻ መጫን ግፍ ነው። 60 ተማሪ ያለባቸው አምስት ክፍሎች የሚያስተምር መምህር ለእያንዳንዱ ሥራ አምስት ደቂቃ ቢሰጥ፣ 25 ሰዓት ይፈጅበታል። ይህን ሰዓት በክፍለ ጊዜ ድልድሉ ላይ ማን አስቦለት ያውቃል?

ግብረ መልስ ለእኛ እንግዳ አለመሆኑ ነው የሚቆጨኝ። በዋሸራ፣ በጎንጅና በዋድላ የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ተማሪው ቅኔውን ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ሰምና ወርቁ የት እንደተጣረሰ፣ ቤቱ የት እንደተሰበረ እዚያው ያሳየዋል፤ ጓደኞቹም ከእርማቱ ይማራሉ። ባለሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና አቃንቶ መንገር ሲችል ወደሚቀጥለው የቅኔ ዓይነት ይሻገራል፤ እንዲህ እያለ መወድስ ይደርሳል። ማርክ የለም። የተሰበረውን ጠግኖ ተመልሶ መምጣት ግን አለ። የፕሮጀክት ትምህርት ነፍሱ ይኸው ይመስለኛል፦ መመለስ።

ያለ ማርክ ማረም እንደሚጠቅም ጥናትም ይደግፋል። እስራኤላዊቷ ተመራማሪ ሩት በትለር እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመችው ጥናት ተማሪዎችን በሦስት ከፍላ ነበር። አንዱ ቡድን ማርክ ብቻ፣ ሌላው አስተያየት ብቻ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም አገኘ። በሥራቸው የተሻሻሉትና ፍላጎታቸው ያልቀዘቀዘው አስተያየት ብቻ ያገኙት ናቸው። ማርክና አስተያየት አብረው ሲሰጡ የአስተያየቱ ጥቅም ጠፋ። ማርኩን ያየ ልጅ ከጎረቤቱ ጋር ያወዳድራል እንጂ ከሥሩ የተጻፈውን አያነብም።

አስተያየት ሁሉ ግን መድኃኒት አይደለም። ተመራማሪዎቹ ክሉገርና ዴኒሲ እ.ኤ.አ. በ1996 በርካታ ጥናቶችን መርምረው፣ ከሲሶ በላይ በሚሆኑት ግብረ መልስ ውጤትን ዝቅ እንዳደረገ አሳይተዋል። ሥራውን ትቶ ሰውየውን የሚነካ ቃል ልብ ይሰብራል ወይም ያኩራራል። «ሰነፍ» የተባለ ልጅ የሚያርመው ነገር የለውም፤ «ጎበዝ» የተባለውም እንዲሁ። «ናሙናውን ከአንድ ቦታ ብቻ ነው የቀዳሽው፤ ከድልድዩ በላይና በታች ቅጅና አወዳድሪ» የተባለች ልጅ ግን ነገ ጠዋት የምትሠራውን ታውቃለች።

መምህራን፣ የዚህን ሴሚስተር ፕሮጀክት ስትሰበስቡ ማርኩን መዝገባችሁ ላይ አቆዩት። ወረቀቱን በሁለት ዓረፍተ ነገር አስተያየት መልሱና ከአንድ ሳምንት በኋላ ታርሞ ሲመጣ ተቀበሉ። ርእሳነ መምህራንም ይህችን ሳምንት በዓመቱ ዕቅድ ላይ ያዙላቸው።